ሰባት ላንተ፣ ሰባት ለእኔ

ወባ ይዟችሁ የሚያውቅ ከሆነ ይህን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ይዟችሁ የማያውቅ ከሆነም አትለፉት፤ እኔም እስከ አምና ጥቅምት ድረስ ከእናንተ ወገን ነበርኩ። የሆሳዕና ሰው ነኝ። ከተማችን ደጋ ናት፤ የጥቅምት ጠዋት ብርዷ ያለ ምላጭ ጢም ይላጫል። ወባ ለእኔ የቆላ ሰው ጉዳይ ነበር። እኛ ዘንድ ብቅ ካለም ዘመድ ሊጠይቅ እንጂ ሊከርም አይደለም ብዬ አምን ነበር። እኔ ቤት ግን ከረመ።

ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ነው። ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት፣ ሁለት ማሽንና አንድ የወረቀት መቁረጫ ባላት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ። በዚህ ከተማ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ የሆነ ሁሉ ያጠናው ወረቀት በእጄ አልፏል። ከእጄ ያላለፈ እውቀት የለም፤ ጭንቅላቴ ገብቶ የቀረው ግን አንድ ገጽ አይሞላም። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

በአርባ ስምንት ዓመቴ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ሱቅ መግባት ሲጀምር ብስክሌት ገዛሁ። ሻጩ አሥራ ስምንት ማርሽ አለው ብሎኛል። እኔ ያገኘሁት ሦስት ነው፤ የቀሩትን እስከ ዛሬ እየፈለግኩ ነው። ጓደኛዬ ማቲዎስም የራሱን ብስክሌት ከግድግዳ አውርዶ አብሮኝ ወጣ። ማቲዎስ የግብርና ባለሙያ ነበር። የሃዲያንና የከምባታን ቀበሌ በእግሩ ያዳረሰ፣ ጡረታ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ፕሮቴስታንት ነው፤ ዳገት ሲወጣ በሃዲይኛ መዝሙር ይዘምራል። እኔ ዳገት ስወጣ ስሜን ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

ዳገት የምንለካበት መሣሪያ ስላልነበረን በማቲዎስ መዝሙር እንለካ ጀመር። ከታች ሲጀምር መቁጠር እጀምራለሁ፣ ጫፍ ስንደርስ ስንት እንደዘመረ በትንሽ ደብተሬ እጽፋለሁ። ወደ ፎንቆ ሲኬድ ያለው ዳገት አንድ መዝሙር ከግማሽ። ወደ ጊምቢቹ ሲኬድ ያለው ሁለት፣ ንፋስ ካለ ሁለት ተኩል። ከዳገቱ ሌላም ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ እንሰቱ የት እንደሚወፍር፣ የትኛው ወንዝ ድልድይ እንዳለው፣ የትኛው ውሻ ጠዋት እንደሚነክስና ከሰዓት እንደሚተኛ። ባለቤቴ ወይንሸት ደብተሩን «ገድለ ዳገት» ብላ ሰይማዋለች።

ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠና፣ ወደ ግቤ ሸለቆ ለመውረድ ተነሣን። አንድ ቀን ለመሄድ፣ አንድ ሌሊት ለማደር፣ አንድ ቀን ለመመለስ። ኮረብታው እንደ እድር ስብሰባ አጀንዳ ነው፤ አንዱን ጨረስነው ስትል ከኋላው ሌላው ብቅ ይላል። ስንዴው ቢጫ ሆኗል፣ መንገዱ ቀይ ነው፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ጊምቢቹን አልፈን ቁልቁል ስንይዝ ነገሩ ሁሉ ይቀየር ጀመር። እንሰቱ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ማሽላ መጣ፣ ማንጎ መጣ፣ አየሩ እንደ ሞቀ ወተት ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ቆሜ በደብተሬ ጻፍኩ፦ «እንሰት አለቀ። ማንጎ ጀመረ። እዚህ ሹራቤን አወለቅኩ።»

ያደርነው የማቲዎስ የአክስት ልጅ ቤት ነው። ቤት ውስጥ ስለሚሞቅ አልጋ ደጅ አወጡልን። የቤቱ እመቤት አጎበር ይዛ መጣች።

«የወባ ትንኝ አለ፣ ይህን እንስቀልላችሁ» አለች።

«እኛ ብስክሌተኞች እንጂ ሙሽሮች አይደለንም» አልኳት። «ደግሞስ በዚህ ውስጥ ሆኜ ኮከቡን እንዴት ላየው?»

ሴትየዋ ሳቀች፣ ማቲዎስም ሳቀ፣ አጎበሩም ተመልሶ ገባ። ኮከቡን አየሁት። እውነቴን ነው፣ ያን ያህል ኮከብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም። እኔ ወደ ላይ ሳይ ወደ እኔ የምታይ ደግሞ ነበረች።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት የፈተና ወረቀት ሳባዛ ማሽኑ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። አጠፋሁት። ጠፍቶም ይንቀጠቀጣል። በኋላ ሳስተውል የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ። ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከዚያ እሳት ሆንኩ፣ ከዚያ ላብ። ሸሚዜን ብትጨምቁት አንድ ጀሪካን ይሞላ ነበር። ቤት እንደደረስኩ የጎረቤት እናቶች ተሰበሰቡና በአንድ ድምፅ ምች ነው አሉ። በልቶ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ነው ተባለ። ዳማከሴ ታሸ፣ ተቀባሁ፣ ጨምቀውም አጠጡኝ። ቅጠል ሸተትኩ እንጂ አልተሻለኝም።

በሦስተኛው ቀን ወተት አከፋፋዩ ደምሴ ሊጠይቀኝ መጣ። ደምሴ የሰፈራችንን ወተት በእግሩ የሚያዞር፣ ብስክሌቴን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ በዓይኑ የሚያዞራት ሰው ነው። «እግዜር ይማርህ ጋሼ» ብሎ ገባ፤ ሲወጣ በረንዳው ላይ ቆሞ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ሲያደርግ በመስኮት አየሁት። አልጋ ላይ ያለሁት እኔ፣ የልብ ትርታ የሚለካላት እሷ።

ወይንሸት ክሊኒክ ወሰደችኝ። የክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ከበሽታው በፊት የሚገድለው የሰው ታሪክ ነው። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው እንደ እኔው በትኩሳት የጀመረውን የአጎቱን ልጅ እስከ ቀብሩ ድረስ ተረከልኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ ምን እንደበላ ሳይቀር። ተራዬ ሲደርስ በደስታ ገባሁ።

«ቆላ ወርደው ነበር?» አለኝ ባለሙያው።

ያን ጊዜ አዎ ብል ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ቀልድ ካማረኝ አልጋ ላይም ሆኜ አልተውም። «አልወረድኩም፣ በብስክሌት አለፍኩ እንጂ» አልኩ። እሱ ሳቀ፣ የወባ ምርመራውም በሳቁ አለፈ። ደሜን አይተው ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት አሉኝ። «ቀጠሮ ይዘው ነው የመጡት?» አልኩ። ኪኒን ሰጡኝ። ዋጥኩ። በሳምንቱ ዳንኩ፤ በእርግጥ የዳንኩ መሰለኝ።

በቤቴ ግን ፍርድ ተሰጥቶ ነበር። «የብስክሌቱ ንፋስ ነው» አለች ወይንሸት። «ላብ እያላበህ ቁልቁለት ትወርዳለህ፣ ደረትህን ከፍተህ። ንፋስ አንተን ያልመታ ማንን ሊመታ ነው?» ለመከራከር አቅም አልነበረኝም፤ ደግሞም እሷን ረትቼ አላውቅም።

ጥምቀት አልፎ በሁለተኛው ሳምንት ወደ አንጋጫ ወጣን። ዓላማችን ከአንጋጫ ወደ ዱራሜ ወርደን የአምባሪቾን ተራራ ዙሪያውን ማየት ነበር። መንገዱ መልካም ነው፤ ግራና ቀኝ እንሰት፣ በየጓሮው የታሰረች ላም፣ «ፈረንጅ!» ብለው ሮጠው ሲደርሱ «ውይ፣ ሀበሻ ነው» ብለው የሚያዝኑ ልጆች። አንጋጫ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ማቲዎስ ሁለተኛውን መዝሙር ጀመረ። እኔ ሁለተኛውን አልሰማሁትም። ጥርሴ እርስ በርሱ ሲማታ መዝሙሩን ሸፈነው። ብስክሌቴን ሣር ላይ አጋድሜ ከጎኗ ተጋደምኩ።

«ወንድሜ፣ ምነው?» አለ ማቲዎስ ተመልሶ።

«ሁለት ሹራብ ለብሼ በረዶ ቤት ገብቻለሁ።»

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ተራ የያዙ እናቶች ሲያዩኝ ሳልጠይቃቸው አሳለፉኝ፤ አንዷ ጋቢዋን አውልቃ ደረበችልኝ። ጋቢው የጭስና የቅቤ ሽታ ነበረው። በዚያ ቀን ከዋጥኩት መድኃኒት ሁሉ አስቀድሞ የሠራው እሱ ነው። ስሟን አልጠየቅኩም፣ ይቆጨኛል።

የተቀበለችኝ ነርስ ሲስተር ዘነበች ትባላለች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን የጉምሩክ ፈታሽ ዓይን የሆነ የከምባታ ልጅ ናት። ጠየቀችኝ፣ ቀለድኩ። ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ ቀለድኩ። በመጨረሻ ከሸሚዜ ኪስ ብቅ ያለውን ደብተር አየችና «ይህ ምንድነው?» አለች።

«ገድለ ዳገት» አልኳት።

እያገላበጠች አነበበች። ስለ ውሾቹ ስታነብ ፈገግ አለች። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

«ይቺን ማን ጻፋት? እንሰት አለቀ፣ ማንጎ ጀመረ፣ ሹራቤን አወለቅኩ።»

«እኔ ነኝ።»

«አደሩ እዚያ?»

«አደርን። ኮከብ እያየን።»

«አጎበርስ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣሁ። ሲስተር ዘነበች ደብተሩን ዘጋችው። «ጋሼ፣ ሹራብ የሚወልቅበት ቦታ ላይ ወባ ይጀምራል። እርስዎ በእጅዎ ጽፈውት ነው ለሦስት ወር የጠፋብዎት» አለችኝ። ጣቴን ወጋች፣ የደም ጠብታዋን መስታወት ላይ ለቀለቀች፣ አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ ታየ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው።

ጠያቂ ሰው ስለሆንኩ ጥርሴ እየተንገጫገጨም ጠየቅኳት። ታዲያ በኅዳር እንዴት ዳንኩ? ለታይፈስ የተሰጠኝ ኪኒን ሳያስበው ወባውንም ገርፎት ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ይህኛው ዓይነት ወባ ግን ከደም ሲባረር ሁሉም አይሄድም፤ ከፊሉ ጉበት ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሳምንት ይተኛል፣ ወር ይተኛል፣ ከዚያ ሲያሰኘው ተነሥቶ እንደገና ደም ውስጥ ይገባል። አዲስ ትንኝ እንኳ አያስፈልገውም። ይህን ስሰማ፣ አልደብቃችሁም፣ በሽታውን ትንሽ አደነቅኩት። እኔ ሱቄ ውስጥ በሃያ ዓመት አንድ ቀን ተደብቄ መተኛት ያልቻልኩ ሰው ነኝ።

ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሰጠችኝ። አንዱ ለሦስት ቀን ነው፣ ደም ውስጥ ያለውን ያጠፋል። ሁለተኛው ጉበት ውስጥ የተኛውን የሚያጠፋ ነው፤ ምግብ ተበልቶ በየቀኑ አንድ አንድ፣ አሥራ አራት ቀን። «ሲሻልዎት እንዳያቆሙ። አሥራ አራት ማለት አሥራ አራት ነው» አለችኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ጭንቅላት መነቅነቅ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ብስክሌቴ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ እኔ ከሥር ሆነን ሆሳዕና ገባን። ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ አየችን። አልጮኸችም። ወይንሸት ሲብስባት ድምፅዋ ይቀንሳል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ጊዜ ነው» አለች። «ወባ ይሁን ንፋስ እኔ አላውቅም። ሁለቱንም ጊዜ ያመጣህልኝ ከዚህች ብስክሌት ጋር ስትዞር ነው። ሦስተኛ ከታመምክ ለደምሴ ትሸጣለች።»

ደምሴ በማግስቱ «እግዜር ይማርህ» ሊል መጣ። በዚህ ጊዜ ጎማውን ብቻ ሳይሆን ፍሬኑንም ሞከረ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የጉበቱን ኪኒን ልጀምር ስል ማቲዎስ ሱቄ መጣ፣ ፊቱ የተቀቀለ ድንች መስሏል። እሱም ታሟል። እዚያው ኮከብ ሥር አብረን ነው ያደርነው፤ ትንኟ ሃይማኖት አትለይም። በሰፈሩ ባለ ጤና ጣቢያ ተመርምሮ ያው ቫይቫክስ ተብሏል፣ የሦስት ቀኑንም ኪኒን ወስዷል። የአሥራ አራት ቀኑ ግን ያን ሳምንት አልቆ «በሳምንቱ ይመለሱ» ተብሏል።

ኪኒኖቼን አወጣኋቸው። አንዲት እሽግ ናት፣ በሁለት ረድፍ ሰባት ሰባት ሆነው ተደርድረዋል። ማቲዎስ አየ። እኔም ማቲዎስን አየሁት። እናንተው ፍረዱ፤ እኔ ያደግኩት ጎረቤት ሳይጠራ ድስት በማይከፈትበት ቤት ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምቼ አድጌ፣ በአንዲት ትንኝ አብሮኝ የተበላው ወንድሜ ፊቴ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፣ አሥራ አራት ኪኒን ለብቻዬ ልውጥ? ነውር ሆኖ ታየኝ።

«ተው፣ ያንተ ነው» አለ ማቲዎስ።

«እንጀራ ቢሆን ትተወው ነበር?»

እሽጓን በወረቀት መቁረጫው ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩና ክንዱን ጫን አልኩት። ሃያ ዓመት ወረቀት ስቆርጥ እንዲያ ቀጥ ያለ መስመር ቆርጬ አላውቅም።

«ሰባት ላንተ፣ ሰባት ለእኔ» አልኩ። ማቲዎስ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየበት፣ እኔ አማተብኩበት። በሁለቱም በኩል የተባረከ ኪኒን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያለ አይመስለኝም።

ዳንን። የካቲትን እንደ ጥጃ ዘለልናት። ማቲዎስም የራሱን ኪኒን ሊያመጣ አልተመለሰም፤ ጤነኛ ሰው ምን ሊል ይሰለፋል? ሁዳዴ ገባ። መጋቢት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ማሽኑ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

ሦስተኛው ነው። ወይንሸት ያለችውን አስታወስኩና ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ፣ የወረቀት ካርቶን ላይ ተኝቼ ላቤን አሳለፍኩ። በማግስቱ ደህና ነኝ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ። እንደ ገበያ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ይውላል፣ አንድ ቀን ይዘላል። ወይንሸትን «ማሽን እየጠገንኩ ነው» አልኳት። ደንበኞች «አሁን ማሽኑ ምን ሆነ?» ይላሉ። «ትኩሳት» እላለሁ። ደምሴ ብቻ ሱቁ ፊት ለፊት ወተቱን አስቀምጦ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየኛል። ሕመሜን እንደ እሱ ያጠና ሐኪም እንኳ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ማቲዎስ ደወለ። «ወንድሜ፣ ዛሬ እንዴት ነህ?»

«ዛሬ የሚዘልበት ቀን ነው። አንተስ?»

«የእኔም የሚዘለው ዛሬ ነው» አለ።

ስልኩን ዘግቼ እንደተቀመጥኩ የባዮሎጂ መምህሩ የሚባዛ ወረቀት አምጥተው ሰጡኝ። በየዓመቱ የሚያመጡት ወረቀት ነው፤ ቢያንስ መቶ ሺህ ጊዜ አባዝቼዋለሁ። የሰው ሥዕል አለው፣ የትንኝ ሥዕል አለው፣ ቀስት አለው። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ከትንኟ የተነሣው ቀስት ደም ውስጥ አልቆመም፤ ቀጥ ብሎ ጉበት ውስጥ ገባ። ሲስተር ዘነበች የነገረችኝ ሁሉ እዚያ አለ። መቁረጫውን ዞሬ አየሁት። የቆረጥኩት የማቲዎስን ድርሻ አልነበረም፤ የሁለታችንንም መዳን ለሁለት ከፍዬ ለእያንዳንዳችን ግማሽ ሰጥቻለሁ። ግማሽ መዳን የሚባል ነገር ደግሞ የለም።

ያን ቀን ቤት ስደርስ ወይንሸት ሽሮ አቀረበች። አልበላሁም። «ታምሜያለሁ» አልኳት። «ሦስተኛው ነው። አራት ቀኑ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ማሽን የሚጠግን ሰው ሸሚዙ በላብ አይበሰብስም። መቼ ትነግረኝ እንደሆነ እያየሁ ነበር።» ከዚያ ጋቢዋን አነሣች። «ያቺ ደብተር አንባቢዋ ሲስተር ጋ ነው የምንሄደው። ማቲዎስንም ጥራው።»

በማግስቱ ሦስታችንም በሚኒባስ አንጋጫ ደረስን። ቀኑ የትኩሳቱ ቀን ስለነበር ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ለመድረስ እንደ ባቡር ተሳፋሪ ሰዓት እናይ ነበር። የሲስተር ዘነበች ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ወይንሸት መሐል ገባች። ደማችን ታየ። ሲስተር ወረቀቱን ደግማ አየችው።

«አልገባኝም» አለች። «አሥራ አራቱን ቀን ወስደው ከሆነ እንዲህ ቶሎ ባልተመለሰ ነበር። ምናልባት መድኃኒቱ አልሠራልዎትም። እንዲያ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ልላክዎት፣ ሌላ ነገር ይፈለግ። ኪኒኑን ጨርሰዋል?»

«ኪኒኑ አልቋል» አልኩ።

ወይንሸት ወደ እኔ ዞረች። ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖራለች። «ማን ጨረሰው?» አለች።

ማቲዎስ ሳል ሳይኖረው ሳለ። እውነቱን ከተናገርኩ ሦስተኛው ሕመም በራሴ እጅ የመጣ ነው፤ ብስክሌቴ ሄደች። ካልተናገርኩ ደግሞ ሲስተር የሌለ በሽታ ስትፈልግ ትኖራለች፣ ማቲዎስም እንደ እኔ ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቀ ያረጃል። አንድ ቀልድ ፈለግኩ። አልመጣም።

«ሰባት እኔ፣ ሰባት እሱ» አልኩ። «በወረቀት መቁረጫ ቆርጬ።»

«ጸልየንበት ነበር» አለ ማቲዎስ በቀጭን ድምፅ።

ሲስተር ዘነበች እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የምትስቅ መሰለኝ፤ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ያ ኪኒን ደማቸው የማይቀበለው ሰዎች አሉ። ለማይስማማው ሰው ሲሰጥ ደሙ ይፈርሳል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል፣ ሊሞትም ይችላል። ለእርስዎ ጠይቄ አይቼ ነው የሰጠሁት። እርስዎ ለእሳቸው ምን አይተው ሰጧቸው?»

«ፊቱን» አልኩ።

ማቲዎስ መሬት መሬት አየ። እኔም እጄን አየሁት፤ ያን ክንድ ጫን ያለው እጅ። በሕመሙ ሁሉ ፈርቼ ነበር፣ እንደዚያች ደቂቃ ግን አልፈራሁም። ወንድሜን በደግነቴ ልገድለው እችል ነበር።

ሲስተር ሁለታችንንም ለየብቻ ጠየቀች፣ መረመረች፣ ለየብቻ ሙሉ ሙሉ እሽግ ሰጠች፤ በላዩ ላይ ስማችንን በትልቁ ጻፈችበት። ስንወጣ ወይንሸት ወደ ሲስተር ተመልሳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ልጄ፣ ብስክሌቷስ? ንፋሷ?»

«ብስክሌት ወባ አታመጣም፣ እናቴ። እንዲያውም ይንዱ፣ ለልባቸው ጥሩ ነው። በሽታው የገባው አጎበር እምቢ ሲሉ ነው፣ የተመለሰው ደግሞ ሲካፈሉ ነው።»

ወይንሸት ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ብስክሌቷ ነጻ ናት። ጥፋተኛው ሰውየው ነው» አለች።

ከዚያ የተከተለው አሥራ አራት ቀን እስር ቤት ነበር ብል አላጋነንኩም። ማቲዎስ በየምሽቱ እራት ሰዓት እኛ ቤት እንዲመጣ ታዘዘ። በአንዱ ሰሃን ለእኔ የጾም፣ በሌላው ለእሱ የፍስክ ይቀርባል። በልተን ስንጨርስ ኪኒናችንን በእጃችን ይዘን ቆመን እንውጣለን። ከዚያ ወይንሸት የስልኳን መብራት አብርታ «አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሣ» ትላለች። ስልሳ ዓመት ያለፈው የግብርና ባለሙያ ምላሱን ሲያነሣ አይቼ ሳቄን ይዤ አላውቅም። በየቀኑም የቀን መቁጠሪያው ላይ ሁለት ምልክት ታደርጋለች፤ ለእኔ መስመር፣ ለእሱ ክብ። አሥራ አራተኛው ላይ ሁለታችንም ደግመን አፋችንን ከፈትን፣ ሳታዝዘን።

በዚያው ሳምንት ደምሴ መጣ። «ጋሼን ልጠይቅ» አለ፣ ዓይኑ በረንዳው ላይ።

«ድኗል» አለችው ወይንሸት። «አትሸጥም።» ደምሴ ወተቱን አንሥቶ በእግሩ ሄደ። አሳዘነኝ፤ ያን ያህል ተስፋ አድርጎ የጠየቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

እስከ ግንቦት ድረስ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰዓቴን አያለሁ። አልመጣም። ግንቦት ላይ ወደ ግቤ እንመለስ አልኩ። ዳገቱን ሳይሆን ያን ገጽ ማስተካከል ፈልጌ ነው። ስንነሣ ወይንሸት ከኋላ ኮርቻዬ ላይ አንድ አጎበር በገመድ አሰረች፣ ሁለቴ ቋጠረችው። በመንገድ ላይ ገመዱ ላልቶ ነጩ መረብ ከኋላዬ ተጎተተ፤ ጊምቢቹ ገበያ ላይ ሴቶች እልል አሉልኝ። እንሰቱ ባለቀበት፣ ማንጎው በጀመረበት ቦታ ቆምኩና ሹራቤን አወለቅኩ። ደብተሬን አወጣሁ፣ ከድሮው መስመር ሥር አንድ ቃል ጨመርኩ፦ «ተጠንቀቅ።» በማግስቱ ስንመለስ የወጣነው ዳገት ሦስት መዝሙር ነው፤ እስከ ዛሬ ከለካነው ሁሉ ረጅሙ ነው፣ ባልታመመ እግር ግን ወጣሁት።

ከዚያ በፊት ግን በዚያ ምሽት ያቺው የቤቱ እመቤት አልጋውን ደጅ አወጣችልን። አጎበር ስፈታ ማቲዎስ ሻንጣውን በረበረ፣ ደግሞ በረበረ።

«ወንድሜ፣ የእኔን ረስቼዋለሁ» አለ።

ተያየን። ሁለታችንም ያቺን እሽግ አሰብን። ለማንኛውም ብዬ ወይንሸት ጋ ደወልኩ፤ ከአሁን በኋላ ሳላማክር የምካፈለው ነገር የለም።

«አጎበር ለሁለት ይሆናል?» አልኳት።

«ይሆናል። አጎበር ሲካፈሉት አይጎድልም» አለች። «ጫፉን ፍራሹ ሥር አስገቡት። ለመሆኑ ስንት ናችሁ ውስጡ?»

«ሁለት።»

«ሦስተኛ እንዳይገባ» ብላ ዘጋችው።

ሆዴ አንዱን ግማሽ ያዘ፣ የማቲዎስ መዝሙር ሌላውን። ኮከቡ በመረቡ ቀዳዳ ሲታይ እንደ ድሮው አልነበረም፤ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተቆርጦ ነበር። እኔ የቆረጥኩት ስላልሆነ ግን ሙሉ ነበር። ከመረቡ ውጭ አንዲት ትንኝ ስትዘፍን ሰማኋት። ማቲዎስም ሰማትና ድምፁን ከፍ አደረገ።